ክላውድ ላይ ያለው ካፍካ «አላውቅህም» ሲላችሁ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ጎንደር ተቀምጠው መተግበሪያቸውን ክላውድ ላይ ካለ የካፍካ አገልግሎት ጋር ለሚያገናኙ ሰዎች ነው። ካፍካ ፕሮግራሞች መልእክት የሚለዋወጡበት ሶፍትዌር ነው፤ አንዱ ይጽፍበታል፣ ሌላው ያነብበታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የመመረቂያ ፕሮጀክት የሚሠራ ተማሪ ይሁን፣ ፒያሳ ቢሮ ተከራይቶ ለውጭ ደንበኛ ኮድ የሚጽፍ፣ ጥያቄው ያው ነው። ኮዱ ልክ ነው፣ ፓስወርዱም ልክ ነው፣ ታዲያ ለምን አልገባም? አብዛኞቹ መልሶች ስለ ፓስወርድ እንዳልሆኑ ስታዩ አትደነቁ።

ለምሳሌ እንዲመቸን አንድ ሲስተም እናስብ። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባጃጅ የሚጠራበት መተግበሪያ ነው እንበል። ከጀርባው ሦስት ፕሮግራሞች አሉ። አንዱ ትዕዛዝ ተቀብሎ «ጉዞ» የሚባል ቶፒክ (በስም የተለየ የመልእክት መዝገብ) ላይ ይጽፋል። ሁለተኛው ከዚያው እያነበበ ሒሳብ ይሠራል። ሦስተኛው ማታ ማታ ለባለቤቱ ሪፖርት ያወጣል።


ላፕቶፔ ላይ ካፍካ ስጭን ምንም ፓስወርድ አልጠየቀኝም። ክላውዱ ለምን ይጠይቀኛል?

ካፍካ መጀመሪያ ላይ ጠባቂ አልነበረውም። ሊንክድኢን ለራሱ የውስጥ ሥራ የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም ክፍት ሆነ። ያኔ ኔትወርኩ ውስጥ የገባ ሁሉ እንደ ቤተኛ ይቆጠር ነበር። የደንበኛ ማንነት ማረጋገጫ የመጣው በ2015 ከወጣው 0.9 እትም ጋር ነው። ዛሬም ቢሆን እናንተ ካልቀየራችሁት ክላይንቱ (ከካፍካ ጋር የሚገናኘው የእናንተ ፕሮግራም) በነባሪ የሚሞክረው ባዶውን ነው፤ ምስጠራ የለ፣ ስም የለ።

ላፕቶፕ ላይ ይህ አይጎዳም። ብሮከሩም (የካፍካው ሰርቨር) ደንበኛውም እናንተው ናችሁ። ክላውድ ላይ ግን ብሮከሩ ባሕር ማዶ ተቀምጧል፣ መልእክታችሁም በሰው ኔትወርክ አልፎ ይደርሳል። ስለዚህ አገልግሎት ሰጪዎቹ በአብዛኛው ሁለት ነገር ይፈልጋሉ። መስመሩ በቲኤልኤስ (ድረ ገጾች በሚመሰጠሩበት ዘዴ) ይመስጠር፤ ደንበኛው ደግሞ ማን እንደሆነ ያሳውቅ።


ማንነቴ ተረጋግጦ ገብቻለሁ፤ ቶፒኩን ግን ማንበብ አልቻልኩም። ይህ እንዴት ይሆናል?

የፋሲል ግቢን በሮች አስቡ። ወምበር በር የዳኞች መግቢያ ነበር፣ እምቢልታ በር ደግሞ የሙዚቀኞች። በር ላይ «ማነህ?» ተብሎ መታወቅ አንድ ነገር ነው። ከገቡ በኋላ የትኛው እልፍኝ ድረስ ይኬዳል የሚለው ሌላ ነው። ካፍካም ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያየው። መጀመሪያ ማንነት፣ ቀጥሎ ፈቃድ።

የትኛው ላይ እንደቆማችሁ የሚነግራችሁ የኤረሩ ስም ነው። ጃቫ ላይ «ሳስል ኦተንቲኬሽን ኤክሴፕሽን» ካያችሁ ገና በሩ ላይ ናችሁ፤ ሳስል ካፍካ ማንነት የሚጠይቅበት ሥርዓት ነው። «ቶፒክ ኦቶራይዜሽን ኤክሴፕሽን» ካያችሁ ግን ፓስወርዱን መነካካት ከንቱ ድካም ነው፤ ማንነታችሁ ታውቋል፣ የጎደላችሁ ፈቃድ ነው።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ፈቃድ አለ። የእኛ ሒሳብ ሠሪ ከ«ጉዞ» እንዲያነብ በቶፒኩ ላይ የማንበብ ፈቃድ ብቻ አይበቃውም። በኮንሲውመር ግሩፑ (ሥራውን ተካፍለው የሚያነቡ ፕሮግራሞች የሚጠሩበት ቡድን) ስም ላይም የማንበብ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያ ከሌለ «ግሩፕ ኦቶራይዜሽን ኤክሴፕሽን» ይመጣል። የቡድኑ ልጆች «ኧረ ፈቃድ ሰጥተነዋል!» እያሉ ግማሽ ቀን የሚከራከሩት በዚህ ነው። ሁለቱም ወገን ልክ ነው። የተሰጠው ፈቃድ ሌላ፣ የተጠየቀው ሌላ።

የአማዞኑን የካፍካ አገልግሎት ኤምኤስኬን የምትጠቀሙ ደግሞ ተቃራኒውን ተጠንቀቁ። እዚያ የፈቃድ ዝርዝር ያልተጻፈለት ቶፒክ በነባሪ ለሁሉም ክፍት ነው። በስክራም (ከታች በምናየው የፓስወርድ ዘዴ) ማንነቱን ያረጋገጠ ማንኛውም ፕሮግራም ያነባል፣ ይጽፋል። ሁሉም ነገር እየሠራ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም።


ማንነት ማረጋገጫው ብዙ ዓይነት ነው። የትኛውን ልያዝ?

ምርጫው በከፊል የእናንተ አይደለም። አገልግሎት ሰጪው የሚደግፈውን ነው የምትይዙት።

ቀላሉ «ፕሌይን» የሚባለው ነው። ዩዘርኔም እና ፓስወርድ በተመሰጠረው መስመር ውስጥ እንዳሉ ይላካሉ። ኮንፍሉወንት ክላውድ በሚባለው የካፍካ አገልግሎት ላይ የኤፒአይ ቁልፉ ዩዘርኔም፣ አብሮት የሚሰጠው ሴክሬት ፓስወርድ ይሆናል። የማይክሮሶፍቱ አዙር ኢቨንት ሀብስም ይህን ይቀበላል፤ ዝቅተኛው የዋጋ ደረጃ ግን ካፍካን ጭራሽ አያስተናግድም። እሱን ከፍታችሁ «አይገባም» የምትሉ ከሆነ መጀመሪያ ደረጃውን እዩ።

«ስክራም» አንድ እርምጃ ይሻላል። ፓስወርዱ ራሱ መስመሩን አያቋርጥም። ብሮከሩ እና ደንበኛው ጥያቄና መልስ ይለዋወጣሉ፣ ደንበኛው ፓስወርዱን እንደሚያውቅ፣ ብሮከሩም ማረጋገጫው እንዳለው በስሌት ይረጋገጣል። ብሮከሩ የሚያስቀምጠውም ፓስወርዱን ሳይሆን ቢያንስ 4096 ጊዜ የተፈጨ ቅሪቱን ነው። ኤምኤስኬ ፕሌይንን አይቀበልም፤ የሚፈልገው ስክራም በሻ 512 (ጠንከር ባለው የመፍጫ ስሌት) ነው። ፓስወርዱም የአማዞን የምስጢር ማስቀመጫ በሆነው ሴክሬትስ ማኔጀር ውስጥ መቀመጥ አለበት። የሴክሬቱ ስም አገልግሎቱ በወሰነው ቅድመ ቃል መጀመር አለበት፤ ማመስጠሪያ ቁልፉም እናንተ የፈጠራችሁት እንጂ ነባሪው መሆን የለበትም። ሁለቱ ካልተሟሉ ሴክሬቱ ከክላስተሩ (ከብሮከሮቹ ስብስብ) ጋር አይያያዝም።

«ኦአውዝ» ለትልልቅ ቡድኖች ይመቻል። ፕሮግራሙ በቋሚ ፓስወርድ ምትክ ዕድሜው አጭር የሆነ ቶክን ይዞ ይመጣል። የጃቫው ክላይንት ቶክኑ ከዕድሜው 80 በመቶ ገደማ ሲያልቅ ራሱ ያድሰዋል። የአማዞኑ የማንነትና የፈቃድ አስተዳደር፣ አይኤኤምም፣ በመንፈስ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ሰርቨር አልባው የኤምኤስኬ ዓይነት ከአይኤኤም ሌላ አይቀበልም።

የሁለትዮሽ ቲኤልኤስ፣ ማለትም ደንበኛውም የራሱን ሰርቲፊኬት የሚያቀርብበት፣ ጠንካራ ነው። ግን ሰርቲፊኬት የሚያወጣ፣ የሚያድስ፣ የሚሰርዝ ሰው ይፈልጋል። በአማዞን በኩል ከሄዳችሁ የግል የሰርቲፊኬት ባለሥልጣን በመደበኛው አሠራር በወር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላል። ለሦስት ሰው ቡድን አልመክርም። ከርበሮስ የሚባለውን የድርጅቶች የመግቢያ ሥርዓት ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ አስቀድሞ ካልተከለው እርሱት።

ምክሬን ባጭሩ ከፈለጋችሁ፦ ፕሮግራሞቻችሁ እዚያው ክላውድ ውስጥ የሚሮጡ ከሆነ የዚያን ክላውድ አይኤኤም ወይም ኦአውዝ ያዙ፤ የምታስቀምጡት ቋሚ ፓስወርድ አይኖርም። ፕሮግራሞቹ ጎንደር ቢሮ ያለ ማሽን ላይ የሚሮጡ ከሆነ ስክራም ወይም ኤፒአይ ቁልፍ ይበቃል።


«ፕሌይን» ያልተመሰጠረ ማለት አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሁለት የተለያዩ ሴቲንጎች ናቸው። «ሴኩሪቲ ፕሮቶኮል» የሚለው መስመሩን ይመለከታል። ክላውድ ላይ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል «ሳስል ኤስኤስኤል» ይሁን። «ሳስል ሜካኒዝም» የሚለው ደግሞ ማንነት የሚነገርበትን መንገድ ነው፤ «ፕሌይን» እዚህ ነው የሚጻፈው። ፕሮቶኮሉን «ሳስል ፕሌይንቴክስት» ካላችሁት ግን ፓስወርዳችሁ በግልጽ ይጓዛል።

ሜካኒዝሙን ብትሳሳቱ ጥሩው ነገር ኤረሩ ራሱ መልሱን ይዞ መምጣቱ ነው። «ይህ ሜካኒዝም ሰርቨሩ ላይ አልበራም፤ የበሩት እነዚህ ናቸው» ብሎ በቅንፍ ይዘረዝራል። እስከ መጨረሻው አንብቡት።


ፖርቱ ስንት ነው? ደግሞስ ለምንድነው ሚሞሪ አለቀ የሚለኝ?

ሁለቱን አንድ ላይ የጠየቃችሁት አለምክንያት አይደለም።

9092 ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ኮንፍሉወንት ክላውድ 9092 ላይ ቲኤልኤስ ይጠብቃል። ኢቨንት ሀብስ 9093 ነው። ኤምኤስኬ ለእያንዳንዱ መንገድ የተለየ ፖርት አለው። ያልተመሰጠረው 9092፣ ቲኤልኤስ 9094፣ ስክራም 9096፣ አይኤኤም 9098። ከኢንተርኔት በቀጥታ ስትገቡ ደግሞ 9194፣ 9196 እና 9198 ይሆናሉ። ስክራም አዘጋጅቶ 9094 ላይ የሚያንኳኳ ሰው ቢያንኳኳ ቢውል አይከፈትለትም።

አሁን ወደ ሚሞሪው። ፕሮቶኮሉን መሙላት ረስታችሁ በባዶው ቲኤልኤስ ወደሚጠብቅ ፖርት ሄዳችሁ እንበል። ብሮከሩ የመጣለት ነገር ስለማይገባው አጭር የቲኤልኤስ ማስጠንቀቂያ ይመልሳል። ካፍካ ክላይንት ግን የሚመጣለትን የመጀመሪያ አራት ባይት የሚያነበው እንደ መልእክት መጠን ነው። የማስጠንቀቂያው መጀመሪያ 21፣ 3፣ 3፣ 0 ነው። አራቱ እንደ አንድ ቁጥር ሲነበቡ 352,518,912 ይሆናሉ። ክላይንቱ «336 ሜጋባይት የሚያህል መልእክት ሊመጣ ነው» ብሎ ቦታ ሊያዘጋጅ ይነሣል። ከካፍካ ጋር የሚመጣው የቶፒክ መዘርዘሪያ ትእዛዝ በነባሪ የሚሰጠው 256 ሜጋባይት ብቻ ነው። ያኔ «አውት ኦፍ ሜሞሪ» ይልና ይወድቃል።

ሰዉ ራም ሊገዛ ይነሣል። የጎደለው ግን የሴቲንግ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ነው። ሎግ ላይ 352518912 የሚል ቁጥር ካያችሁ ፕሮቶኮሉን አስተካክሉ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። 1213486160 ካያችሁ ደግሞ ያገኛችሁት ካፍካ ሳይሆን ተራ የዌብ ሰርቨር ነው። ቁጥሩ «ኤችቲቲፒ» የሚሉት አራት ፊደላት በባይት ሲነበቡ የሚሰጡት ነው።


ፓስወርዱን ከገጹ ላይ ኮፒ ነው ያደረግኩት፤ ልክ ነው። ግን አልገባም።

እናምናችኋለን። ግን የሚከተሉትን እዩልን።

ኮፒ ስታደርጉ መጨረሻው ላይ ክፍት ቦታ ወይም አዲስ መስመር ተከትሎ ይሆናል። በተለይ ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን ሰርቨር ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) ላይ ሴክሬት ስታዘጋጁ «ኤኮ» የሚለው ትእዛዝ ሳትጠይቁት አዲስ መስመር ይጨምራል። እሱም ከፓስወርዱ ጋር ወደ ቤዝ64 አብሮ ይቀየርና የፓስወርዱ አካል ይሆናል። በዓይን አይታይም።

ኢቨንት ሀብስ ላይ ዩዘርኔሙ ቋሚ ቃል ነው፤ «ኮኔክሽን ስትሪንግ» የሚለው ተገጥሞ ይጻፍና ከፊቱ የዶላር ምልክት ይገባል። ፓስወርዱ ደግሞ ሙሉው የግንኙነት ሐረግ ነው። ይህን ሼል ላይ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ካስገባችሁት፣ ሼሉ የዶላር ምልክቱን አይቶ «ይሄ ቫሪያብል ነው» ይላል። እንዲህ ያለ ቫሪያብል ስለሌለ ባዶ ይተካበታል። ዩዘርኔም ሳትይዙ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ነጠላ ጥቅስ ተጠቀሙ።

ጃቫ ላይ የ«ጃስ» መስመሩ (ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚጻፍበት ሴቲንግ) መጨረሻ የእንግሊዝኛውን ሰሚኮለን ይፈልጋል። ይህ ለእኛ የራሱ ወጥመድ አለው። የአማርኛ ኪቦርድ በርቶ ከነበረ ያቺ ቁልፍ «፤» ታወጣለች። በችኮላ ስታዩት ይመሳሰላሉ፤ ለካፍካ ግን ሌላ ፊደል ነው። «በሰሚኮለን አልተዘጋም» የሚል ኤረር መጥቶ እናንተ ግን መዘጋቱን በዓይናችሁ ካያችሁ፣ አጥፉትና ኪቦርዱን ቀይራችሁ እንደገና ጻፉት። እዚያው መስመር ላይ የተጠራው ሞጁል የፕሌይን ሆኖ ሜካኒዝሙ ስክራም እንዳይሆንም አረጋግጡ። ፓይተን ላይ ይህ የጃስ ጣጣ የለም፤ ዩዘርኔም እና ፓስወርድ ለየብቻ ይሞላሉ።

ኮንፍሉወንት ላይ ከሆናችሁ ቁልፉ የምን ቁልፍ እንደሆነ እዩ። የክላስተሩ፣ የስኪማ ሬጅስትሪው (የመልእክቶቹ ቅርጽ የሚመዘገብበት) እና የክላውድ አስተዳደሩ ቁልፎች የተለያዩ ናቸው፤ መልካቸው ግን ይመሳሰላል። የአስተዳደሩን ቁልፍ ይዞ ክላስተር ውስጥ መግባት አይቻልም። ገና አሁን የፈጠራችሁት ቁልፍ ከሆነም ጥቂት ደቂቃ ታገሡ፤ ሁሉም ቦታ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።


ትናንት ይሠራ ነበር። መብራት ጠፍቶ ከመጣ ወዲህ እምቢ አለ።

ሰዓቱን እዩ።

የድሮ ዴስክቶፕ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ የብሮከሩ ሰርቲፊኬት «ገና አልጸናም» ይባላል፤ ለእናንተ ኮምፒውተር የሰርቲፊኬቱ መነሻ ቀን ገና ወደፊት ነውና። ፓስወርዱ ጭራሽ አልተጠየቀም፤ ነገሩ ከዚያ በፊት ቆሟል።

የእኛ አገር ሰዓት እና ቀን አቆጣጠርም የራሱን ጣጣ ያመጣል። ኮምፒውተሩን በእጁ በኢትዮጵያ ዓመት የሞላ ሰው ማሽኑን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰደው ማለት ነው። ሰርቲፊኬቱ ላይ ያው ኤረር ይመጣል። ዓመቱን ትቶ ሰዓቱን ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር ያዞረ ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህኛው ይብሳል፤ ምክንያቱም ሰርቲፊኬቱ ችግር የለበትም። በስክራም ወይም በፕሌይን የሚገባ ምንም አይሰማውም። አይኤኤም ግን የጥያቄው ፊርማ ጊዜ አልፎበታል ብሎ ይመልሰዋል። ኦአውዝ ላይ ደግሞ መጀመሪያ ይገባል! በኋላ ነው የሚወድቀው። ክላይንቱ በራሱ ሰዓት ሲያየው ቶክኑ ገና ብዙ ሰዓት የቀረው ይመስለዋል። ስለዚህ በጊዜው አያድሰውም። ግንኙነቱ ተቋርጦ እንደገና ሊገባ ሲል ጊዜው ያለፈበት ቶክን ያቀርባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የሰዓት ቀጠናውን «አዲስ አበባ» አድርጉ፣ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ራሱ እንዲስተካከል ተዉት። የኢትዮጵያን ሰዓት በሌላ አፕ እዩት።

የክላውድ ሎግ ስታነቡ የምትጠቅም ነገር ልጨምር። ሎጉ በአብዛኛው በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው። እኛ ከዩቲሲ በሦስት እንቀድማለን፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ በስድስት ይቀንሳል። ስለዚህ ከሎጉ ሦስት ቀንሱ። 06:12 የሚል ካያችሁ ጎንደር ላይ ከጠዋቱ 3:12 ነው።


ሦስቱ ፕሮግራሞች አንድ ቁልፍ ቢጋሩ ምን ችግር አለው?

ለጊዜው ምንም። ሁሉም ይሠራል። የሚያስቸግረውም ይሄው ነው።

ሪፖርት አውጪውን እንውሰድ። ሥራው ማንበብ ብቻ ነው። ቁልፉን ከትዕዛዝ ተቀባዩ ጋር ከተጋራ ግን መጻፍም ይችላል። አዲስ የገባ ልጅ ሪፖርቱን ሲሞክር ሳያውቅ «ጉዞ» ላይ የውሸት ትዕዛዝ ይጽፋል። ሒሳብ ሠሪው አንብቦ ያስከፍላል። ባለቤቱ «ማነው የጻፈው?» ብሎ ይመጣል። ሎጉ ላይ ያለው አንድ ስም ነው። ሦስቱም ያ ስም ናቸው።

ቁልፉ አንድ ቀን ከወጣ ደግሞ የባሰ ይመጣል። አንዱን ለመዝጋት ሦስቱን መዝጋት ነው። ጥምቀት ሲደርስ፣ ከተማው እንግዳ ሞልቶ ባጃጅ እንደ ወርቅ በሚፈለግበት ሰሞን፣ ማን ደፍሮ ይዘጋዋል? ስለዚህ «በኋላ እናየዋለን» ይባላል። የወጣው ቁልፍም እንደተከፈተ ይከርማል።

ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ሰርቪስ አካውንት (የሰው ሳይሆን የፕሮግራም አካውንት) ስጡት። ስሙ ሥራውን ይናገር። የሙከራውና የእውነተኛው ሥራም ይለያዩ። በሰው አካውንት ስም የተፈጠረ ቁልፍ ደግሞ ፕሮግራም ውስጥ አታስገቡ። ኮንፍሉወንት ላይ እንዲህ ያለው ቁልፍ የሰውዬውን ፈቃድ በሙሉ ይይዛል። ልጁ ሥራ ለቅቆ አካውንቱ ሲሰረዝ ቁልፉም አብሮ ይሰረዛል። ሰውን ሸኝታችሁ በማግሥቱ ሲስተሙ የሚቆመው ለዚህ ነው። ጉዳዩ ከዝምድናና ከመተማመን ጋር አይገናኝም፤ ወንድማችሁም ቢሆን ያው ነው።


ቁልፉን ስልክ ላይ በሚጫነው አፕ ውስጥ ባስገባውስ?

በፍጹም። የአንድሮይድ አፕን ፈትቶ ውስጡን ማየት ልዩ ሙያ አይጠይቅም። ስልኩ ከራሳችሁ ሰርቨር ጋር ይነጋገር፤ ካፍካን የሚያውቀው ሰርቨራችሁ ብቻ ይሁን።


ታዲያ ቁልፉን የት ላስቀምጥ?

ክላውዱ የምስጢር ማስቀመጫ ካለው እዚያ። ከሌለ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ላይ፤ ፋይሉም ጊት እንዳያየው ይደረግ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አይለጠፍ። እናውቃለን፣ ሁሉም እዚያ ነው የሚልከው። ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳለ ግን ከጥቂት ወር በኋላ ማንም አያስታውስም።

ካፍካ ክላይንት ሲነሣ ሴቲንጎቹን በሙሉ ሎግ ላይ ያወጣል፤ ፓስወርዱን ግን «ተደብቋል» ብሎ ይሸፍነዋል። እናንተ ለማጣራት ብላችሁ የጻፋችሁት «ፕሪንት» ግን አይሸፍንም።


ቁልፉ ጊትሀብ ላይ ወጣ። ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ፣ ይበቃል?

አይበቃም። የድሮው ኮሚት ውስጥ አለ። ቁልፉን ራሱን ሰርዙ፤ የጊት ታሪክ ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በቅደም ተከተሉ አትሳሳቱ። ታሪክ እያጸዱ ቁልፉን ክፍት የሚተዉ ብዙ ናቸው።


ቁልፍ ስቀይር ሲስተሙ መቆም አለበት?

የለበትም፤ አሮጌውና አዲሱ ለጥቂት ጊዜ አብረው እንዲኖሩ አድርጉ። ኮንፍሉወንት ላይ ለአንድ ሰርቪስ አካውንት ሁለተኛ ቁልፍ ፍጠሩ። ኢቨንት ሀብስ ላይ አስቀድሞም ሁለት ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ ወደ ሁለተኛው ዙሩና የመጀመሪያውን አድሱ። ስክራም ላይ ሁለተኛ ዩዘር መፍጠር ይሻላል፤ ፈቃዱን ግን ለእሱም መስጠት እንዳትረሱ። ሁሉም ፕሮግራም አዲሱን መያዙን ካያችሁ በኋላ አሮጌውን ዝጉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማንነት የሚረጋገጠው ግንኙነቱ ሲከፈት ነው። ቁልፉ ቢሰረዝም አስቀድሞ የተከፈተ ግንኙነት ወዲያው ላይቆረጥ ይችላል። ራሳችሁ በተከላችሁት ካፍካ ላይ በየጊዜው እንደገና ማረጋገጥ በነባሪ ጠፍቷል። «ቁልፉን ዘግቻለሁ፤ ግን አሁንም ይጽፋል» የምትሉ ከሆነ ፕሮግራሙን ሪስታርት አድርጉና እዩት።


ኔት ሲቆራረጥ ኦተንቲኬሽኑ ይበላሻል?

ኔት መቆራረጥ እና ኦተንቲኬሽን መውደቅ የተለያዩ ናቸው። ከ1.0 እትም ወዲህ ማንነቱ ውድቅ የሆነ ክላይንት በግልጽ ይነገረዋል። ዝም ብሎ ቆይቶ «ታይምአውት» ካለ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። የቢሮው ፋየርዎል ፖርቱን ዘግቶት ይሆናል፤ በሞባይል ዳታ ሞክሩና አወዳድሩ። ክላስተሩ የተፈቀደ የአይፒ ዝርዝር ካለው ራውተሩ ጠፍቶ ሲበራ አይፒያችሁ ተቀይሮ ይሆናል። ኤምኤስኬ ደግሞ በነባሪ ከራሱ የውስጥ ኔትወርክ ውጭ አይታይም። ጎንደር ካለ ላፕቶፕ በቀጥታ ልትደርሱበት አትችሉም፤ ይህን ሳያውቅ ፓስወርድ የሚቀያይር ሰው ብዙ ነው።

መጀመሪያ ገብቶ ከዚያ ቀጥ የሚልም አለ። ክላይንቱ መጀመሪያ የሚያገኘው የመነሻውን አድራሻ ነው። ከዚያ የየብሮከሩን አድራሻ ይቀበልና ለእያንዳንዱ የየራሱን ግንኙነት ይከፍታል። ፋየርዎሉ ላይ የመነሻውን ብቻ ካስከፈታችሁ ሌሎቹ ዝግ ናቸው።

ኔቱ ደካማ ሲሆን ደግሞ የኮዱ አጻጻፍ ይለያል። ለእያንዳንዱ የባጃጅ ትዕዛዝ አዲስ ፕሮዲውሰር (መልእክት የሚጽፍ ክላይንት) የሚከፍት ኮድ በየትዕዛዙ የቲኤልኤስና የማንነት ምልልሱን ከሥር ይጀምራል። እያንዳንዱ ምልልስ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ ነው። ፕሮዲውሰሩን ፕሮግራሙ ሲነሣ አንዴ ክፈቱ፣ ለሁሉም እሱን ተጠቀሙ። ይህን ብቻ አስተካክሎ «ኦተንቲኬሽኑ ፈጠነልኝ» ያለ ሰው ብታገኙ እውነቱን ነው።


ችግሩ ኮዴ ውስጥ ይሁን ክላውዱ ላይ እንዴት ልለይ?

ኮዱን ትታችሁ በ«ኬካት» ሞክሩ። ትንሽ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ ናት። ያንኑ አድራሻ፣ ያንኑ ፕሮቶኮል፣ ያንኑ ቁልፍ ስጧትና የቶፒኮቹን ዝርዝር ጠይቋት። ከመለሰችላችሁ ችግሩ ኮዳችሁ ውስጥ ነው። እሷም እምቢ ካለች በ«ኦፕን ኤስኤስኤል» ወደዚያው አድራሻና ፖርት ግቡ። የሰርቲፊኬት ሰንሰለት ካሳያችሁ መንገዱም ቲኤልኤሱም ደህና ናቸው፣ ማንነቱ ላይ አተኩሩ። ምንም ካላሳያችሁ ወደ ፋየርዎሉ ተመለሱ።


ዶላር የሚከፍል ካርድ የለኝም። ያለ ክላውድ መለማመድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ዶከር ላይ ካፍካ አስነሡና ስክራምን አብሩበት። ከ3.5 እትም ወዲህ ዙኪፐር የሚባለው የድሮ ረዳት ሶፍትዌር ሳያስፈልግ የመጀመሪያውን የስክራም ዩዘር ማከማቻው ሲዘጋጅ መፍጠር ይቻላል። ከዚያ ሦስት ዩዘር ጨምሩ፣ ለየፕሮግራሙ አንድ አንድ። ፈቃዱንም ለየብቻ ስጡ። ሆን ብላችሁ የግሩፑን ፈቃድ ንሱትና ኤረሩ ምን እንደሚል እዩ። ፓስወርዱንም አበላሹት፣ ሜካኒዝሙንም ቀያይሩት።

ላፕቶፑ ላይ ቲኤልኤስ ስለማይኖር ፕሮቶኮሉን «ሳስል ፕሌይንቴክስት» ማድረግ ትችላላችሁ፤ እዚያ ብቻ። በኋላ ወደ ኤምኤስኬ የምትሄዱ ከሆነ ከአሁኑ 512ቱን ስክራም ያዙ። ያኔ ኮዱ ሳይነካ የሚቀየሩት አድራሻው፣ ፕሮቶኮሉ፣ ዩዘርኔሙ እና ፓስወርዱ ናቸው፤ አራቱም ከኮዱ ውጭ ባለ ፋይል ይቀመጡ።